ወፊቱን ከዛፏ ስለ መለየት

ፎቶግራፍ ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛው የተነሣው ነገር ምን እንደሚመስል ነው፤ ሁለተኛው ያነሣው ሰው ምን እንደሚወድ ነው። ወጣቶች ሆይ፥ ከእናንተ መካከል የዱር ወፎችን በረጅም ሌንስ ማንሣት የጀመራችሁ ስላላችሁ፥ ስለዚሁ ሥራ የማስበውን በግልጥ ልንገራችሁ። ሥራውን አልነቅፍም፤ የምነቅፈው ከሥራው የሚወለደውን አንድ ዓይነት ሥዕል ነው።

አስቀድሜ ምስጋናውን ልናገር። ረጅሙ ሌንስ ከመስፋፋቱ በፊት ወፍን አጉልቶ ለማንሣት የሚሻ ሰው እስከ ጎጆዋ ድረስ መጠጋት ግድ ነበረበት። ኪርተን የሚባሉት እንግሊዛውያን ወንድማማቾች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1900 ገደማ በበሬ ቆዳ በተሸፈነ ባዶ ምስል ውስጥ ተደብቀው ወፎችን ያነሡ ነበር። ሌላው እንግሊዛዊ ኤሪክ ሆስኪንግ ደግሞ በ1937 በጉጉት ጎጆ አጠገብ ሳለ ወፊቱ መታችውና የግራ ዓይኑን አጣ። ጎጆን ማክበር የቆየ ትምህርት ነው፤ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 እንኳ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከልጆቿ ጋር እንዳይወስድ ተከልክሏል። እነሆ ዛሬ የ600 ሚሊሜትር ሌንስ ከተለመደው የ50 ሚሊሜትር ሌንስ 12 እጥፍ አጉልቶ ያሳያል። ሰው ሳይጠጋ ያያል፤ ወፊቱም ሳትደነግጥ ትታያለች። ይህ ትልቅ ስጦታ ነው።

ነገር ግን ሌንሱ ረዘመ እንጂ የሰው ምኞት አላጠረም። በኢሉባቦር ጫካ የምትኖረው ሶሪት የክንፏ ደማቅ ቀይ በደንብ የሚታየው ስትበር ነው። ታዲያ የቸኮለ ሰው ትበር ዘንድ ድንጋይ ይወረውርባታል። ሌላው በስልኩ የወፍ ድምፅ እያሰማ ይጠራታል፤ እርስዋም ባላንጣ የመጣባት መስሏት ምግቧን ትታ ትንከራተታለች። ከሁሉ የሚከፋው በጎጆ አጠገብ መቆም ነው። ትልቅ መንቁር ያለው ጥቁርና ነጩ የጫካ ወፍ፥ ሴቲቱ በአሮጌ ዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ገብታ በሩን በጭቃ ትዘጋለች፤ ወንዱም በቀረችው ጠባብ ስንጥቅ ፍሬ እያቀበለ ይመግባታል። ሰው ከዛፉ ሥር ቆሞ ከዋለ ወንዱ ፈርቶ ይቀራል፤ እናትና ጫጩትም በረኃብ ይቀጣሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ለወፍ አንሺ የተነገረ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነቀፌታዬ ልምጣ። በቅርቡ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ መቱ አጠገብ ያነሣትን ሶሪት አሳየኝ። ሥዕሉ እጅግ ያምራል፤ በዓይኗ ዙሪያ ያለው ቀይ ቀለበትና በአንገቷ ላይ የወረደው ነጭ መስመር አንድ በአንድ ይቆጠራል። «የተቀመጠችው በምን ዛፍ ላይ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጋሼ፥ ዛፉ ዓይን እንዳይስብ ብዬ ሆን ብዬ ነው ያደበዘዝሁት» አለኝ። እውነትም ከጀርባዋ ያለው ሁሉ እንደ ፈሰሰ ቀለም ተደባልቋል። ያ አረንጓዴ የቡና ጫካ ይሁን፥ የባሕር ዛፍ ይሁን፥ የበቆሎ ማሳ ይሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም። በአስተማሪነት ዘመኔ ሕፃናትን ወፍ ሣሉ ስላቸው ማንም ሳያዛቸው ቅርንጫፉን ጨምረው ይሥሉ ነበር። ትልቁ ሰው በውድ መሣሪያ የተወውን ሕፃኑ በእርሳስ አልተወውም።

ይህ የጥበብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከመቱ በስተምሥራቅ ያለው የያዮ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በዚያ የዱር ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ሶሪትም የዛፉን ፍሬ በልታ ዘሩን ሩቅ ወስዳ ትጥላለች። ዛፉ ወፊቱን ይመግባል፤ ወፊቱም ዛፉን ትዘራለች። ወፊቱን ብቻ እያየ የሚያደንቅ ሰው፥ ዛፉ በመጥረቢያ ሲወድቅ አንድ የሚወደው ነገር የጠፋ አይመስለውም። ዛፉን ከሥዕሉ ያወጣነው እኛው ነንና።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ወፊቱን አጉልታችሁ ካነሣችሁ በኋላ ሌንሱን ለውጣችሁ ዛፉን ከነጥላው፥ ከሥሩም ያለውን ቡና ጨምራችሁ አንድ ጊዜ አንሡ፤ ሁለቱንም አብራችሁ አሳዩ። ጎጆ ካያችሁ ዝም ብላችሁ እለፉ። የዛፉንም ስም በኦሮምኛና በአማርኛ ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጠይቃችሁ ከፎቶግራፉ ሥር ጻፉ። ስሙን የሚያውቁት ሰዎች ዛሬ በሕይወት ሳሉ ጠይቁ።