መጨረሻው የታወቀ ድራማ ሲቋረጥ

የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ፣ የ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር››ን መጨረሻ የማያውቅ አማርኛ አንባቢ ማግኘት ይቸግራል። ፍቅረኞቹ በዛብህና ሰብለ ወንጌል አብረው እንደማይኖሩ፣ እሷ እንደምትመንን፣ ካሳ ዳምጤም እስከ መቃብራቸው እንደሚከተላቸው መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ይነግራችኋል። እንዲህም ሆኖ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ግድም፣ በሰውመሆን ይስማው አዘጋጅነት በኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ሊታይ ሲጠበቅ የነበረው ተከታታይ ድራማ በቅጂ መብት ክርክር ሳቢያ የፍርድ ቤት እግድ ሲወጣበት፣ ተመልካቹ ያሰማው ቅሬታ ታሪኩ ምን ላይ እንደሚደርስ ለማያውቅ ሰው የሚገባ ዓይነት ነበር። እግድ መሰረዝ አይደለም፤ ክርክሩንም ለሕግ ሰዎች እተወዋለሁ። እኔን የያዘኝ ቅሬታው ራሱ ነው። መጨረሻውን የምናውቀው ነገር ሲቋረጥብን የሚጎድለን ምንድን ነው?

የድራማ ሂስ ለዚህ አንድ የተለመደ መልስ አለው። ሰው የሚናደደው ‹‹ቀጥሎ ምን ይሆን?›› የሚለው ጉጉት ስለተነፈገው ነው ይላል። መልሱ ለመርማሪ ፖሊስ ድራማ ይሠራ ይሆናል። በታሪክ ላይ ለቆመ ድራማ ግን አይሠራም። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ እንደሚሞቱ ለማወቅ ሠላሳ ክፍል የሚጠብቅ ተመልካች የለም። ታሪካዊ ድራማ ተመልካቹን የሚይዘው በመጨረሻው ሳይሆን በመሐሉ ነው፤ ዜና መዋዕል ጸሐፊው ዘሎት ባለፈው ገረድ፣ በቅሎ ጫኝ፣ ደብተራና ጭሰኛ። የንጉሡ ዕጣ በድራማው ቢቋረጥ በመጽሐፍ ይገኛል። የገረዲቱ ግን ከድራማው በቀር መኖሪያ የላትም።

ኤችቢኦና ቢቢሲ በጋራ የሠሩት ‹‹ሮም›› ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ከ1997 እስከ 1999 ዓ.ም. ሁለት ምዕራፍ ብቻ ታይቶ ቆመ። ምክንያቱ ወጪ ነበር፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር እንደፈጀ ይነገራል። ከፈጣሪዎቹ አንዱ የሆነው ብሩኖ ሄለር ለአምስት ምዕራፍ አስቦት እንደነበር ተናግሯል። ቄሳር በስለት እንደሚሞት ዓለም ሁሉ ያውቃል። ተመልካቹ የተቆጨው ግን በቮሬነስና በፑሎ ነው። የሁለቱ ወታደሮች ስም የተገኘው ቄሳር ስለ ጎል ጦርነት በጻፈው ማስታወሻ ውስጥ፣ አምስተኛው መጽሐፍ ላይ፣ በጥቂት መስመር ነው። ታሪክ ያንን ብቻ ሰጣቸው፤ ሚስትና ልጅ፣ ቂምና ስካር የሰጣቸው ድራማው ነው። ድራማው ሲቆም የተዘጋው የእነሱ ቤት እንጂ የቄሳር አይደለም።

ወደ ሐዲስ ዓለማየሁ ስንመለስ ነገሩ ይጠነክራል፤ እዚህ እኮ በልብ ወለዱ ውስጥ ያሉት ሁሉ የፈጠራ ሰዎች ናቸው፣ የሁሉም ዕጣ ደግሞ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ታትሞ ተቀምጧል። ከዚያም በላይ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተርኮታል። መጽሐፉን ለመግዛት ገንዘብ፣ ለማንበብም ፊደል ያልነበረው ሰው የሰብለ ወንጌልን አባት ፊታውራሪ መሸሻን ያወቃቸው በዚያ ድምፅ ነው። ለቴሌቪዥን ሥራው ትልቁ ተቀናቃኝ ያ ድምፅ ነው ብል አላጋነንኩም፤ አድማጩ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ መልክ ሰጥቶ ጨርሷል። ታዲያ ምን ቀርቶት ነው ቴሌቪዥን የሚጠብቀው?

አዲስ አበባ፣ አብነት ሰፈር ውስጥ፣ ከቀላል ባቡሩ ጣቢያ ብዙ በማይርቅ አንድ ቡና ቤት የሰማሁት ወሬ ለዚህ ጥያቄ ካነበብኳቸው ጽሑፎች የተሻለ መልስ ይዟል። ቴሌቪዥኑ ከግድግዳው ላይ በብረት ተንጠልጥሎ ዜና ያወራል፤ ድምፁ ተቀንሷል። የእግዱ ነገር ሲነሳ ቡና የምታፈላዋ ወጣት፣ ‹‹ጋሼ፣ እርስዎ መጨረሻውን ያውቁት የለ እንዴ፣ ምን አናደደዎት?›› አለቻቸው አንድ ጡረተኛ ደንበኛዋን። ሰውየው ሲኒያቸውን ሳያስቀምጡ፣ ‹‹መጨረሻውንማ ከወጋየሁ አፍ ሰምቼዋለሁ፣ ልጄ። እኔ ማየት የፈለግኩት ፊታውራሪ ግብር ሲያበሉ ማን የት እንደሚቀመጥ ነው። አባቴ እንዲያ ባለ ቤት ቆሞ ያስተናገደ ሰው ነው፤ የት ይቆም እንደነበር ግን ነግሮኝ አያውቅም›› አሏት። ልጅቷ ሣቀች፤ እሳቸው ግን አልሣቁም።

ማን የት እንደሚቆም በመጽሐፍ መግለጽ ይቻላል፤ ሐዲስም በሚገባ ገልጸውታል። ይሁን እንጂ ዓረፍተ ነገር የሚያሳየው አንድ በአንድ ነው። ደራሲው ስለ ፊታውራሪ ሲጽፍ በር ላይ የቆመው አሽከር ከገጹ ይወጣል። ካሜራ ግን ፈለገም አልፈለገም አሽከሩን ከነእግሩ ይቀርጸዋል። በባዶ እግር መሆኑ፣ ነጠላውን ወገቡ ላይ ማሸረጡ፣ ጌታው ሲያስነጥሱ ጎንበስ ማለቱ ሳይነገር ይታያል። ታሪካዊ ድራማ ለተመልካቹ የሚሰጠው ልዩ ዕውቀት ይህ ይመስለኛል፤ ሲቋረጥ የሚቀረውም ይኸው ነው። ጡረተኛው የተከፉት በበዛብህ ሳይሆን በአባታቸው ነው።

እንዲህ ከሆነ፣ እንዲህ ዓይነቱ ሥራ በአገራችን ለምን እንደሚመነምን መጠየቅ ተገቢ ነው። የቅጂ መብቱ አንድ ነገር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣውም በዚያው ዓመት። አዋጁ የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት፣ ሥራውን ወደ ሌላ መልክ መለወጥን ጨምሮ፣ ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ያቆያል። ስለዚህ እስከ 2046 ዓ.ም. ድረስ ‹‹መጽሐፉ የሕዝብ ነው›› የሚለው ስሜት ፍርድ ቤት አያዋጣም። ስሜቱን አልንቀውም፤ ነገር ግን ተመልካች ለሚወደው ሥራ ሲቆረቆር የሥራውን ባለመብት ጠላት አድርጎ ማየቱ ፍትሐዊ አይደለም። ሐዲስን የወደደ ሐዲስ የተዉትን መብትም መውደድ አለበት። አእምሯዊ ንብረት ነክ ክርክሮች የሚሰሙበት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ከአብነት በእግር የሚደረስበት ነው፤ በዚያ ቡና ቤት ግን ነገሩ የተወራው ሩቅ አገር እንዳለ መሥሪያ ቤት ነበር።

ሁለተኛውና የባሰው ምክንያት ገንዘብ ነው። የዘመናችን ተከታታይ ድራማ የሚኖረው በስፖንሰር ነው። የቤት ዕቃ ነጋዴው ሶፋውን፣ ሆቴሉ አዳራሹን፣ ሪል እስቴቱ ቪላውን ያውሳል፤ በክፍሉ ማብቂያ ስማቸው ተጠርቶ ይመሰገናሉ። ታሪካዊ ድራማ ግን የሚሸጠው ነገር የለውም። ፊታውራሪ መሸሻን ስልክ ማስያዝ፣ ሰብለ ወንጌልን ቆዳ ሶፋ ላይ ማስቀመጥ አይቻልማ! በዚያ ላይ ትልልቆቹ አስተዋዋቂዎች የነበሩት የቢራ ፋብሪካዎች፣ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅ ከከለከለ ወዲህ ከስክሪኑ ወጥተዋል። አዋጁ ለጤና ሲባል የወጣ ነው፣ አልቃወመውም፤ ለድራማ የሚተርፈውን ገንዘብ ማሳነሱ ግን አልቀረም። ከዚህ ጎን የሣር ክዳን፣ ኮርቻ የለመደ በቅሎ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ የማይታይበት መስክ ያስፈልጋል። የአዲስ አበባን የድሮ ሰፈር ለመቅረጽ የሚሻ ደግሞ ልደታ ድረስ መጥቶ የሚያገኘው የጭቃ ቤቶቹ ፈርሰው በምትካቸው የቆሙ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችን ነው። ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከመጣ ጀምሮ እንደምናውቀው፣ ተሠርቶ ያለቀ የውጭ ድራማ ገዝቶ በአማርኛ ድምፅ ማልበስ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ይገላግላል።

ማቋረጥ ለእኛ ቲያትር አዲስ እንዳልሆነም መርሳት የለብንም። በኩር ተብሎ የሚጠራው ተውኔታችን፣ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ‹‹ፋቡላ››፣ በ1910ሮቹ መኳንንቱ ፊት ቀርቦ ቤተ መንግሥቱን አስቆጣ፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። በ2011 ዓ.ም. ከፋና ቴሌቪዥን የወረደው ‹‹ምን ልታዘዝ›› የተባለው የካፌ ድራማም ብዙ ሰው አስቆጭቷል። ሁለቱ ግን በዘመናቸው ሹማምንት ላይ የተሳለቁ ሥራዎች ናቸው፤ በመቆማቸው ተመልካቹ የተነፈገው ምላስ ነው። የታሪካዊ ድራማው ተመልካች የሚነፈገው ዓይን ነው። አንዱን ቅሬታ በሌላው መለኪያ የሚመዝን ሂስ ሁለቱንም ይስታል፤ ሰሞነኛ አስተያየቶች በአብዛኛው የሠሩት ስሕተትም ይህ ነው።

እዚህ ላይ ተመልካቹንም ልተች። ገና አንድ ክፍል ሳያይ ‹‹ድንቅ ሥራ ተከለከልን›› ማለት ግምገማ አይደለም። ያልታየ ድራማ ሁልጊዜ ፍጹም ነው፤ ተዋናዩ አይኮላተፍበትም፣ ሹሩባው ከዘመኑ ጋር አይጣላበትም። የእግዱ ሰሞን ቅሬታ ግማሹ ለድራማው ሳይሆን እያንዳንዱ በልቡ ለቀረጸው ድራማ የቀረበ ነበር። ግማሹ ግን እውነተኛ ነው፤ እንደ አብነቱ ጡረተኛ አባታቸውን በር ላይ ሲፈልጉ የነበሩ ሰዎች ቅሬታ ነው፤ እሱን ማጣጣል አይገባም።

ለእነሱ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። ተከታታይ ድራማ ሲቋረጥ፣ በክርክርም ይሁን በገንዘብ እጦት፣ ያልታዩት ክፍሎች ጽሑፍ፣ የአልባሳቱ ንድፍና የምክር ሰጪዎቹ ማስታወሻ አዘጋጁ ቤት ውስጥ ተከማችቶ ይረሳል። ከሽማግሌዎች ተጠይቆ የተገኘ፣ ማን የት እንደሚቆም የሚያስረዳ ዕውቀት ያለው እዚያ ወረቀት ውስጥ ነው። ባለመብቶቹ ከፈቀዱ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ሊረከበው ይገባል፤ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ከአዘጋጆች ጋር በሚፈርሙት ውል ውስጥ ይህንን አንድ አንቀጽ ማስገባት አይሳናቸውም።