በጣት ስለሚገለጠው በድን

መጽሐፍን የሚነቅፍ ሰው አስቀድሞ መጽሐፉን ሊያነብ ይገባዋል። ቤተ መዘክርንም የሚነቅፍ ሰው እንዲሁ በዚያ የቀረበው ነገር ምን እንደ ሆነ፥ እንዴትም እንደ ቀረበ አስቀድሞ ሊገልጥ ይገባዋል። ስለዚህ ከፍርዱ በፊት ነገሩን በአጭሩ እናስረዳለን፤ ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በሎንዶን ከተማ በብሪቲሽ ሙዚየም ከመቶ ዓመት በላይ ለሕዝብ ሲታይ የኖረ የአንድ ግብጻዊ ሰው በድን አለ። የተገኘው በላይኛው ግብጽ ጌበሌን በሚባል ስፍራ ሲሆን፥ የኖረበትም ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3351 እስከ 3017 ባለው ጊዜ መካከል እንደ ሆነ ተመርምሮ ታውቋል። እንደ ኋለኞቹ ነገሥታት በሽቱና በበፍታ የተገነዘ አይደለም፤ የምድረ በዳው ትኵስ አሸዋ የሰውነቱን እርጥበት መጥጦ ቆዳውንና ጠጕሩን እስከ ዛሬ አቆየው እንጂ።

በ2012 ይህ በድን ሲቲ ስካን በሚባለው የሐኪም መሣሪያ ተመረመረ። ከዚያም የተገኘው ሥዕል ገጹ መስተዋት በሆነ ገበታ ላይ ተደርጎ ለሕዝብ ቀረበ። ተመልካቹ ጣቱን በመስተዋቱ ላይ ሲያንሸራትት ቆዳው ይገፈፋል፥ ሥጋው ይገለጣል፥ ዐፅሙ ይታያል። በዚህም ምርመራ ተሰውሮ የኖረ ነገር ታወቀ። ሰውዬው በሞተ ጊዜ ዕድሜው ከ18 እስከ 21 ዓመት የሚሆን ጐልማሳ ነበረ። በግራ ትከሻው ከኋላ በስለት ተወግቷል፤ የትከሻው አጥንት ተጎድቶ በሥሩ ያለው የጎድን አጥንት ተሰብሯል። ራሱን የሚከላከል ሰው የሚያገኘው ቍስል ስላልታየበትም፥ ሊቃውንቱ ሳያስበው እንደ ተወጋ ይገምታሉ።

በዚህ አቀራረብ ልናመሰግነው የሚገባ ነገር አለ። በ1830ዎቹ ዓመታት ቶማስ ፔቲግሩ የሚባለው ሐኪም በዚያችው በሎንዶን በጉባኤ ፊት የግብጽን በድኖች መግነዝ እየፈታ ያሳይ ነበር። ያ የተፈታው እንደ ቀድሞው አይጠቀለልም፤ የተቀደደውም አይመለስም። ዛሬ ግን ሥዕሉ ሺህ ጊዜ ቢገለጥ በድኑ ጠጕር ታህል ስንኳ አይነካም። ሳይጎዱ ማወቅ ለሙታን የሚበጅ ጥበብ ነው። ዳግመኛም ዕውቀቱ በሊቃውንት ዘንድ ተዘግቶ አልቀረም፤ ፊደል ያልቈጠረ ሕፃን ስንኳ በገዛ ጣቱ ይደርስበታል።

ነቀፌታችን ግን ከዚሁ ይጀምራል። ገበታው ጣትን መዘርጋት ያስተምራል እንጂ እጅን መሰብሰብ አያስተምርም። ቆዳውን ገፍፎ፥ መልሶ አልብሶ፥ ዳግመኛ መግፈፍ ይቻላል። እንዲህ ሲሆን ያ ጐልማሳ እናት የወለደችው ሰው መሆኑ ይቀርና መልሱ የሚፈለግ እንቈቅልሽ ይሆናል። ቍስሉ በተገኘ ጊዜ ጨዋታው ያልቃል፤ ሐዘኑ ግን ገና አልተጀመረም።

በጉባኤ ቤት ንባብ ሳይጸና ትርጓሜ አይሰጥም። በዚህም ስፍራ ንባቡ በድኑ ራሱ ነው፤ ገበታው ግን ትርጓሜ ነው። ወደ ገበታው ሮጦ በድኑን በጨረፍታ የሚያልፍ ተመልካች፥ ያላነበበውን መጽሐፍ ምስጢር የሚተርክ ተማሪን ይመስላል። ለዚህም ማስረጃው ከዚያው ከበድኑ ተገኝቷል። በክንዱ ላይ ያለውን ደብዛዛ ጥቍረት ብዙ ሰው ዐይቶ አልፎት ነበር። በ2018 ግን ኢንፍራሬድ በሚባለው ለዐይን በማይታይ ብርሃን ቢመረመር፥ ያ ጥቍረት የሁለት ቀንዳም እንስሳት ንቅሳት ሆኖ ተገኘ፤ አንዱ የዱር ወይፈን፥ ሁለተኛው የዱር በግ። ቆዳው እየተገፈፈ ውስጡ በሚታይበት ወራት፥ በቆዳው ላይ የተጻፈው ገና አልተነበበም ነበር ማለት ነው።

የዚህን ሰው ስም የሚያውቅ የለም። ስለ ጠጕሩ ቀለም ቅጽል ስም አውጥተውለት ነበር፤ ሙዚየሙ ግን ለሰው ክብር አይገባም ብሎ ትቶታል። መልካም አደረገ። ስሙን ከቀልድ ያዳነ እንግዲህ ሥጋውንም ከጨዋታ ያድን። ገበታው ይቅር አንልም፤ ከበድኑ በኋላ ይምጣ፥ ሰውነቱን የሚያሳስብ ጥቂት ቃልም ከሥዕሉ ይቅደም እንላለን። ያን ጊዜ ተመልካቹ ጣቱን ከመዘርጋቱ በፊት ጥቂት ይቆማል። ያች ጥቂት ጊዜ ካልተገኘች፥ መሣሪያው የቱንም ያህል ቢራቀቅ፥ ያሳየው አጥንትን ነው እንጂ ሰውን አይደለም።