ናሙና ብር

ቡና ነጋዴ ባለበት አገር ስለ ናሙና ማብራራት አያስፈልግም። ቴፒም ሆነ ሚዛን ተፈሪ፣ ጀንፈሉ ዋጋ ሳይቆረጥለት በፊት ከየጆንያው ጥቂት ጥቂት ይወጣል። ይፈለፈላል፣ ይታያል፣ ይሸተታል፤ ተቆልቶና ተፈልቶም ይቀመሳል። የዚያ ሁሉ ጆንያ ዕጣ በዚያች እፍኝ ቡና ይወሰናል። ፍርዱ ካለቀ በኋላ ግን ናሙናዋን የሚያስታውስ የለም። ልጠቅልላት፣ በመስታወት ሣጥን ላስቀምጣት፣ ለልጅ ልጄ ላውርሳት የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ገንዘብም ናሙና አለው። መንግሥት አዲስ ሳንቲም ሲያሰኘው ሠዓሊው ይነድፋል፤ ቀራጺው ንድፉን በጀሶ ያወጣዋል፤ ከጀሶው ወደ ብረት ማኅተም ይወርዳል። ከዚያም ሚሊዮኖቹ ከመመታታቸው በፊት ጥቂት ፍሬ ይመታል። የንጉሡ አፍንጫ በደንብ ወጣ ወይ? ጽሑፉ ይነበባል ወይ? ሳንቲሞቹ ሲደራረቡ ይረጋሉ ወይስ ይንሸራተታሉ? ዓይኑ የማያይ ሰው በጣቱ ይለየዋል? መዳብ ይሻላል ወይስ ኒኬል? አንዳንዴ ሁለት ሦስት ንድፍ ይፎካከርና አንዱ ያሸንፋል፤ የተረቱት መሳቢያ ውስጥ ይቀራሉ። የፓሪሱ የገንዘብ መምቻ ቤት እንዲህ ባለው ሳንቲም ላይ «ኤሴ» የምትል ቃል ይጽፍበታል፤ «ሙከራ» ማለት ነው። ለጎረቤታችን ለጅቡቲ፣ ያኔ የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ ትባል ለነበረችው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተመቱ «ኤሴ»ዎች ዛሬም በሳንቲም ሰብሳቢዎች ዘንድ ይፈለጋሉ።

ታዲያ የቡናው ናሙና ሲረሳ የገንዘቡ ናሙና ለምን ይፈለጋል?

አንደኛው መልስ አሰልቺ ነው፦ ጥቂት ስለሆነ። ሰው ሌላው የሌለውን ነገር ይወዳል፤ ይኸው ነው። በጥቂትነቱ ብቻ የሚገዛ ሰው፣ ግእዝ ሳያውቅ ብራና እንደሚገዛ ሰው ነው። ገንዘቡ የራሱ ነው፣ ምን አገባኝ! ሁለተኛው መልስ ትንሽ ቅመም አለው፤ የተከለከለ ነገር መጣፈጡ ነው። መዳብ ተወድዶባቸው አሜሪካኖች 1974 የሚል ዓመት በተጻፈበት ባንድ ሳንቲማቸው ላይ አሉሚኒየም ሞከሩ። ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ መቱ፤ ጥቂቱን ለምክር ቤት አባላት እንዲያዩት ሰጡ። ሐሳቡ ሲወድቅ «በሉ መልሱልን» አሉ፤ ሁሉም አልተመለሰም። የተቀረው እንዲቀልጥ ተደረገ። ከአርባ ዓመት በኋላ ከዚያው ወገን የሆነች አንዲት ፍሬ ለሐራጅ ልትቀርብ ስትል መንግሥት «የኔ ናት» ብሎ ክርክር ገጠመ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ተመለሰችለት። አንዲት ሳንቲም!

ሦስተኛውን መልስ ነው እኔ የምወደው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን ከታተመው መጽሐፍ ይልቅ የተሰረዘ የተደለዘ ረቂቅ ማሳየት ደስ ይለኝ ነበር። የታተመው ገጽ ትዕቢተኛ ነው፤ ከመጀመሪያው እንዲህ ሆኖ የተወለደ ይመስላል። ረቂቁ ግን ደራሲው የቱ ጋ እንዳመነታ ይናገራል። ሳንቲምም ከታተመው ገጽ የባሰ ትዕቢተኛ ነው። የመንግሥት ማኅተም አለበት፣ አይመልስም፣ አይከራከርም። የሙከራው ሳንቲም ግን «ሌላም ሊሆን ይችል ነበር» ይላል። የገባው ሰብሳቢ የሚገዛው ይህንን ነው፤ መንግሥት ሲያመነታ።

የእንግሊዙን ኤድዋርድ ስምንተኛን እንውሰድ። ከጥንት በወጣ ልማድ እንግሊዞች አንዱ ንጉሥ በሳንቲሙ ላይ ወደ ግራ ካየ ተከታዩ ወደ ቀኝ ያያል። ኤድዋርድ ግን በግራ በኩል መልኬ ያምራል ብሎ ልማዱን ሊሽር ተነሣ። የሙከራው ሳንቲም በፈለገው ተሠራ። አዲሱን የሦስት ሳንቲም ዝርዝር ደግሞ፣ በማሽን ቀዳዳ በኩል ይገባ እንደሆነ እንዲሞክሩት ለሽያጭ ማሽን ባለቤቶች ጥቂት ፍሬ ሰጧቸው። በታኅሣሥ 1936 እ.ኤ.አ. ንጉሡ ለሴት ብሎ ዙፋኑን ተወ። ሳንቲሙ ሳይወጣ ቀረ፤ ለማሽን ባለቤቶቹ የተሰጡትም አንዳንዶቹ በዚያው ቀሩ። ከወርቅ ሙከራዎቹ አንዱ በ2020 እ.ኤ.አ. በአንድ ሚሊዮን ፓውንድ ተሽጧል። የኛው ንጉሠ ነገሥት በዚያው በ1936 ስደተኛ ሆነው ባዝ ከተማ ተቀምጠው ነበር። የሁለቱ ዘውድ ዕጣ ለየቅል ሆነ።

ከሁሉ የምቀናው ግን በአየርላንዶች ነው። ነፃ መንግሥት ሲያቆሙ፣ በ1926 እ.ኤ.አ.፣ ሳንቲማቸውን የሚመርጥ ኮሚቴ አቋቋሙና ሰብሳቢውን ማን አደረጉት? ባለቅኔውን ዬትስን! የገንዘብ ሚኒስቴር ሰው አይደለም፣ የባንክ ሰው አይደለም፣ ባለቅኔ። ኮሚቴው የጀግና ፊት ተወና ፈረስ፣ በሬ፣ ዓሣ፣ ውሻ፣ ጥንቸል፣ ዶሮ ከነጫጩቶቿ፣ አሳማ ከነግልገሎቿ አለ። ከልዩ ልዩ አገር ሠዓሊዎች ተጋበዙ፤ እንግሊዛዊው ፐርሲ መትካፍ አሸነፈ። የግብርና መሥሪያ ቤት ሰዎች ደግሞ «በሬና አሳማ እንዲህ አይደለም» ብለው ቅርጹን አስቀየሩ፤ ባለቅኔው የመጀመሪያው ይሻል ነበር እያለ ቆጨው። በ1928 ሳንቲሙ ሲወጣ መንግሥት የተሸነፉትንም ንድፎች ጭምር በመጽሐፍ አሳተመ። ከተሸናፊዎቹ አንዱ፣ ጣሊያናዊው ሞርቢዱቺ፣ ያስመታቸው ሙከራዎች ዛሬ ካሸናፊዎቹ እጅግ ይወደዳሉ። ሕዝቡ ምን እንደተመረጠ ብቻ ሳይሆን ምን እንደቀረም አየ።

ወደኛ ስንመጣ ሙከራው የተካሄደው በመሳቢያ ውስጥ ሳይሆን በገበያ ላይ ነው። ፈታኙም ቡና ሻጩ ነበር።

ቴፒ ውስጥ አንድ ዕድሜ የጠገቡ የቀድሞ ቡና አቅራቢ አጫውተውኛል። አባታቸው ቡና በበቅሎ ጭነው ጎሬ ይወርዱ ነበር፤ ከጎሬ ጋምቤላ፣ ከጋምቤላ በባሮ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን። ክፍያው በጠገራ ብር፣ በማርያ ቴሬዛ።

«አባባ፣ ሐሰተኛዋን በምን ይለዩዋት ነበር?» አልኳቸው።

«በጆሮ ነዋ፣ ልጄ! ድንጋይ ላይ ጣል ያደርጓታል። ካልዘመረች ይመልሷታል። ቀጥሎ የዘውዷን እንቁ በጥፍር ይቆጥራሉ፤ የትከሻዋን ጌጥ ይዳብሳሉ። ያ ከጠፋ፣ ብሩ ደኅና ቢሆን እንኳ አይቀበሉም።»

«ያረጀችውንም?»

«ያረጀች ሴት ማን ይፈልጋል?» ብለው ሳቁ፤ ባለቤታቸው ከጓዳ ሰምተው ኖሮ «አንተ ግን አርጅተህም ተፈልገሃል!» አሏቸው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ንግሥቲቱ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ብሯ ግን ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ያንኑ 1780 እንደተሸከመ ሲመታ ኖረ፤ ምክንያቱም የኛ ሰው አንዲት ነጥብ ብትለወጥ እምቢ ስለሚል ነው። ሙሶሎኒ እንኳ ሊወጋን ሲነሣ፣ በ1935 እ.ኤ.አ.፣ ማኅተሙን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ ያስመታው የሷኑ ፊት እንጂ የራሱን አይደለም። ቀደም ብሎ ጣሊያኖች ይህን በኪሳራ ተምረውታል፤ በ1918 እ.ኤ.አ. ለኤርትራ «ታለሮ» ብለው የሷን መልክ የምትመስል የጣሊያን እመቤት ቀርጸው ቢያመጡ ገበያው «ይቺ እሷ አይደለችም» አለ።

ዐፄ ምኒልክም ከዚህ ፈታኝ አላመለጡም። 1887 የሚል ዓመት የተጻፈበት ብራቸው ፓሪስ ተመታ፤ ማኅተሙን የቀረጸው ላግራንዥ ነው። ክብደቱ ከማርያ ቴሬዛ ጋር የተካከለ፣ 28 ግራም ገደማ፤ የብር ይዘቱም የሷኑ ያህል። ሥራው ውብ ነው፤ የዘውዱ ጥልፍ፣ የአንበሳው ጎፈር። ገበሬው ግን ለረጅም ጊዜ ሻሽ ያሰረችውን ባዕድ ይመርጥ ነበር። በአንዳንዱ ብር አንበሳው ግራ እግሩን አንሥቷል፣ በሌላው ቀኙን፤ ሰብሳቢዎች ዛሬ የሚከራከሩበት ይህ ነው። ያን ጊዜ ቡና ሻጩ አንበሳውን አገላብጦ «ግራ ነው ቀኝ?» አላለም፤ «ይዘምራል ወይ?» ነው ያለው።

ሌላም ሙከራ በኛው ኪስ ውስጥ ከሽፏል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የወጣው፣ 1936 ዓ.ም. የሚል የያዘው የመዳብ ሃያ አምስት ሳንቲም መጀመሪያ ክብ ነበር። መጠኑ ከብሩ ሃምሳ ሳንቲም ጋር ይቀራረባል። ብልጦች ምን አደረጉ? ብር ቀቡትና ሃምሳ አደረጉት! ክቡ ተሰበሰበ፤ በምትኩ ጠርዙ እንደ አበባ የተሸለመ ሃያ አምስት መጣ፤ ዓይነ ስውርም ሌሊትም የሚለየው። ይህን ከመመታቱ በፊት መሳቢያ ውስጥ ሊያዩት ይችሉ ነበር። ክቡን ዛሬ ያገኘ ሰብሳቢ ደስ ይለዋል፤ ስሙ ሙከራ ባይሆንም ገበያ ላይ የወደቀ ሙከራ ነውና።

አሁን ቅሬታዬን ላምጣ። የ1969 ዓ.ም. ሳንቲሞችን አስታውሱ። አንበሳው ራሱን ብቻ ይዞ ቀረ፤ ከጀርባው አንድ ሳንቲሙ ላይ በጥማድ በሬ የሚያርስ ገበሬ፣ አሥሩ ላይ የደጋ አጋዘን፣ ሃያ አምስቱ ላይ እጃቸውን ያነሡ ወንድና ሴት። አራሹ በቅርጽ ከሁሉ ይበልጣል፤ በዚያች ጠባብ ክብ ውስጥ በሬዎቹ ሲስቡ ክብደታቸው ይሰማል። ግን የማን ገበሬ ነው? ቤንች፣ ሸኮ፣ ሸካ፣ ካፋ በሬ የለም አልልም፤ አለ። የኑሮው ምሰሶ ግን እንሰቱና ቡናው፣ ማሩና ኮረሪማው ነው። ሚዛን ተፈሪ ገበያ ውስጥ ያቺን ሳንቲም የያዘች እናት በገንዘቧ ላይ የጎረቤት አገር ሰው ታይ ነበር ማለት ይቻላል። ቡናችን ሳንቲም ላይ አልወጣም። የአምስት ብር ኖት ላይ ቡና የሚለቅም ሰው አለ፤ መልካም። ነገር ግን ወረቀት ይቀደዳል፣ ይነተባል፤ ለቃሚው ከኖቱ ላይ ሲደበዝዝ አራሹ በብረት ላይ ተቀምጧል።

በ2002 ዓ.ም. የአንድ ብሩ ሳንቲም ባለሁለት ቀለም ሆኖ ሲመጣ ሚዛን ተቀረጸበት። የሚዛን ተፈሪ ልጆች «የኛ ነው!» ቢሉ አልፈርድባቸውም፤ ቡና ሻጭ ከሚዛን በላይ የሚያውቀውና የሚጠረጥረው ነገር የለምና። እኔ ግን ማወቅ የምፈልገው ከሚዛኑ ጋር ምን ምን ቀርቦ እንደነበር ነው። እንሰት ቀርቦ ይሆን? ጀበና? የሐመር በርኮታ? ማን ጥሎት? በምን ምክንያት?

የዚህን ጥያቄ መልስ አደባባይ ላይ አላገኘሁትም። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲሶቹ ኖቶች ሲታወጁ ነገሩ ሁሉ በምሥጢር አልቆ ነበር። ለምሥጢሩ ምክንያት አለው፤ ገንዘብ በየቤቱ ተደብቆ፣ ድንበር ተሻግሮ ሳለ «የፊታችን ወር ብር እንቀይራለን» የሚል ባንክ ሞኝ ነው። የውስጥ ክሩና ስውር ምልክቱም ለሐሰተኛ ብር ሠሪ አይነገርም። በዚህ እስማማለሁ። ሥዕሉ ግን ከወጣ በኋላ ምን ምሥጢር አለው? የተረቱት ንድፎች ዛሬ ቢታዩ ማን ይጎዳል? ምርጫው የኛን መልክ መምረጥ ነው፤ ረቂቁንም የማየት መብት አለን። ካልታየ ደግሞ አንድ ቀን በአውሮፓ ሐራጅ ቤት ብቅ ይላል፤ ያኔ «ብርቅዬ የኢትዮጵያ ሙከራ» ተብሎ በዩሮ ይሸጥልናል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የውጭ ዋጋና የኛ ዋጋ ከመራራቁ የተነሣ፣ አሮጌ ብር የያዘ ሰው ሁሉ መልካም ዕድል ያንኳኳበት ይመስለዋል። የሚያንኳኳው ብዙውን ጊዜ በግራም የሚገዛ ነው። ማርያ ቴሬዛም ትሁን የምኒልክ ብር፣ ከሙሽራ አንገት ላይ ትወርድና ወደ እሳት ትገባለች፤ መስቀልና ቀለበት ሆና ትወጣለች። አንዲት እናት የአያታቸውን የአንገት ጌጥ አንጥረኛ ዘንድ ሲያደርሱ አብሬያቸው ነበርኩ። ስድስት ብር ተሰክቶበታል፤ አምስቱ ማርያ ቴሬዛ፣ አንዱ የምኒልክ። አንበሳው ቀኝ እግሩን አንሥቷል።

«እማማ፣ ይቺኛዋን እንኳ ለይተው ያስቀምጧት» አልኳቸው።

«ልዩነቷ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

ነገርኳቸው። አንጥረኛውም ሰማ፤ ግድ አልሰጠውም፣ ሚዛኑን አስተካክሎ «ሁሉም ያው 28 ነው» አለ። እማማ ግን የምኒልኩን ብር ከጌጡ ላይ በጥርሳቸው ክሩን በጥሰው አወጡና በመቀነታቸው ቋጠሩት።