ጆሮ የሚፈራው፣ እጅ የሚወደው

ፒያኖ መማር ከጀመሩ ሁለትና ሦስት ዓመት የሆናቸው ሰዎች ስለ አንድ ድርሰት ክብደት የሚፈርዱት አብዛኛውን ጊዜ በጆሯቸው ነው። ኖታው ከበዛ፣ ድምፁ ከወፍራሙ ጫፍ እስከ ቀጭኑ ከተዘረጋ፣ ፍጥነቱም ከጨመረ «ይህስ ለእኔ አይደለም» ብለው ያልፉታል። ዝግ ያለውንና ጥቂት ኖታ ያለበትን ደግሞ ቀላል ነው ብለው ይመርጡታል። ሁለቱም ፍርዶች ብዙ ጊዜ የተሳሳቱ ናቸው። የድርሰት ክብደት የሚታወቀው እጅ ላይ ነው፦ እጅ በምን ያህል ጊዜ ቦታ ይቀይራል፣ ሲቀይርስ ጊዜ ያገኛል ወይ፣ ጣቶቹ የሚያርፉት ተፈጥሯቸው በሚወደው ቅርጽ ነው ወይስ ተጨማድደው? ከብደው እየተሰሙ ለእጅ የሚመቹ ድርሰቶችን አንዳንድ መምህራን ለእንግዳ ማሳያ ብቻ የሚሆኑ አድርገው ይንቋቸዋል። እኔ ግን በትምህርቱ መካከል መቀመጥ አለባቸው ባይ ነኝ። ደራሲዎቻቸው መሣሪያውንና የሰውን እጅ ጠንቅቀው ስለሚያውቁ፣ ተማሪው ፒያኖ እንዴት እንደሚሠራ የሚረዳው ከሁሉ በላይ በእነሱ በኩል ነው።

ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ በ1722 ያዘጋጀው «ዌል ቴምፐርድ ክላቪየር» የመጀመሪያ መጽሐፍ የሚከፈትበትን የሲ ሜጀር ፕሬሉድ እንመልከት። 35 ባር ነው፤ ከመጨረሻው በቀር በእያንዳንዱ ባር 16 ኖታ ያለማቋረጥ ይፈስሳል። የሚሰማው ሰው ጣቶቹ በየቅጽበቱ አዲስ ነገር የሚሠሩ ይመስለዋል። ነገር ግን የባሩ ሁለተኛ አጋማሽ የመጀመሪያው አጋማሽ ድግግሞሽ ነው። በአጋማሹ ውስጥ ካሉት ስምንት ኖታዎችም የመጨረሻዎቹ ሦስቱ፣ ከፊታቸው የነበሩት ሦስቱ ተመልሰው የመጡ ናቸው። እንግዲህ እጅ ለአንድ ባር የሚያስበው አምስት ቁልፍ ብቻ ነው፤ ሁለት በግራ፣ ሦስት በቀኝ። ይህ አሠራር እስከ 32ኛው ባር አይለወጥም፤ መልኩን የሚቀይረው በመጨረሻዎቹ ሦስት ባሮች ነው። ስለዚህ ተማሪው መጀመሪያ ኖታዎቹን መበተን የለበትም። አምስቱን ቁልፎች እንደ አንድ ኮርድ በአንድ ጊዜ ተጭኖ፣ ከባር ወደ ባር እየተሻገረ፣ የትኛው ጣት እንደቆየና የትኛው እንደተንቀሳቀሰ ያስተውል። በዚህ መንገድ ሲያጠና ድርሰቱን ብቻ ሳይሆን አንድ ኮርድ ሌላውን እንዴት እንደሚጠራ፣ ውጥረት እንዴት እንደሚጠራቀምና እንደሚፈታ ይማራል። ስለ ሃርመኒ የተጻፈ የመማሪያ መጽሐፍ ብዙ ገጽ ፈጅቶ የሚያስረዳውን እጁ አስቀድሞ ያውቀዋል።

ባኽ በዘመኑ በነበሩት የቁልፍ መሣሪያዎች ላይ የዛሬው ፒያኖ ቀኝ ፔዳል አልነበረውም። ፔዳሉ ሲረገጥ ድምፅ አፋኞቹ ከክሮቹ ላይ በአንድነት ይነሣሉ፤ ጣት ቁልፉን ለቅቆ ቢሄድም ክሩ መጮኹን ይቀጥላል። በ19ኛው መቶ ዘመን የነበሩት የፒያኖ ደራሲዎች ታላቅ ግኝት እዚህ ላይ ነው፦ ሁለት እጆች በየተራ የነኳቸው ቁልፎች በአንድ ላይ ስለሚሰሙ ሰሚው ሦስትና አራት እጅ ያለ ይመስለዋል። በ1891 የታተመው የክሎድ ደቡሲ የመጀመሪያው አራቤስክ ሲከፈት፣ ግራ እጅ የጀመረውን ቀኝ እጅ ተቀብሎ ወደ ላይ ይወስደዋል። ለጆሮ ሰፊ ነው፤ ለእጅ ግን አንድ ነጠላ መስመር ለሁለት የተካፈለበት ነው፤ አንዱ ሲጫወት ሌላው ወደሚቀጥለው ቦታ ቀድሞ ይደርሳል። ችግሩ የሚመጣው ጥቂት ባሮች ቆይቶ፣ ቀኝ ሦስት ሲመታ ግራ ሁለት መምታት ሲጀምር ነው። እሱም ቢሆን ሁለቱ እጆች የሚገናኙባትን የመጀመሪያዋን ምት አጥብቆ ለያዘና ሁለቱን እጆች ለየብቻ እስኪደላደሉ ላጠና ተማሪ ይገራል። ኖታዎቹን አንድ በአንድ በሒሳብ ለማሰለፍ የሚሞክር ግን ሲደናቀፍ ይኖራል።

ጆሮ ብቻ አይደለም የሚያስፈራራው፤ ወረቀቱም ያስፈራል። አምስት ሻርፕ የተደረደረበት ገጽ ሲገለጥ ጀማሪ ይሸሻል። ፍሬደሪክ ሾፓን ግን ለተማሪዎቹ ስኬል ማስተማር የሚጀምረው አምስት ሻርፕ ካለው ከቢ ሜጀር ነበር፤ ነጫጭ ቁልፎች ብቻ ያሉበትን ሲ ሜጀርን ወደ መጨረሻ ያስቀምጠው ነበር። ምክንያቱ የእጅ ቅርጽ ነው። መካከለኞቹ ሦስት ጣቶች ረጃጅም፣ አውራ ጣትና ትንሿ ጣት አጫጭር ናቸው። ረጃጅሞቹ ከፍ ያሉትን ጥቁር ቁልፎች ሲይዙ አጫጭሮቹ ያለ ጭንቀት ነጮቹ ላይ ያርፋሉ፤ አውራ ጣትም በሥራቸው ለማለፍ ቦታ ያገኛል። ራኽማኒኖፍ በ1892፣ ገና በ19 ዓመቱ የጻፈው የሲ ሻርፕ ማይነር ፕሬሉድም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ዜማ ተመልሶ ሲመጣ ኮርዶቹ ከመብዛታቸው የተነሣ ኖታው በተለመደው ሁለት ረድፍ ሳይሆን በአራት ረድፍ ተጽፏል። ገጹን ያየ ሁሉ ይደነግጣል። ነገር ግን ጉዞው ዝግ ያለ ነው፤ ከታችኛው ኦክታቭ ተነሥቶ ኮርዱ ላይ እስኪደርስ ፔዳሉ ድምፁን ይዞ ይጠብቀዋል፤ አንዱ እጅ የያዘውንም ሌላው በአብዛኛው በሌላ ኦክታቭ ይደግመዋል። ፈጣኑ መካከለኛ ክፍል እውነተኛ ልፋት ይጠይቃል፤ ያም ክፍል ግን ጫፍ ላይ ሲደርስ ሁለቱ እጆች እየተፈራረቁ ስለሚመቱ፣ ሰሚው ከሚሰማው ፍጥነት እያንዳንዱ እጅ የሚሠራው ግማሹን ነው።

በዚህ አስተሳሰብ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ፣ ሰሚን ማታለል ነው የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ አድናቆት ለጣት ልፋት የሚከፈል ዋጋ ነው ከሚል ግምት የተነሣ ነው። የክራር ተጫዋች ክሮቹን በሙሉ በአንድ ምት ሲገርፍ፣ በግራ እጁ ጣቶች የማይፈልጋቸውን አፍኖ የሚፈልጋቸውን ብቻ ያስጮኻል፤ ምቱም ዜማውም ከዚያች አንዲት እንቅስቃሴ ይወጣሉ። ትንሽ ሠርተህ ብዙ አሰማህ ብሎ የሚከሰው የለም፤ መሣሪያው የሚሰጠውን አውቆ መውሰድ ራሱ ሙያ ነውና። ከዚህ የሚከብደው ሁለተኛው ተቃውሞ ነው፦ ተማሪው ደረጃውን ዘሎ ኖታ ማንበብ ሳይችል በቪዲዮ የሚበሩ ቁልፎችን እየተከተለ አንድ ድርሰት ይሸመድዳል፤ ሁለተኛ ድርሰት ሲሰጡት ባዶ እጁን ነው። ይህ እውነት ነው፤ የሚያሳዝንም ነው። ጥፋቱ ግን የአጠናኑ ነው። ከላይ እንዳየነው በኮርድና በእጅ ቅርጽ የተጠና ድርሰት ወደሚቀጥለው ድርሰት የሚሻገር እውቀት ይተዋል፤ የቁልፍ ቅደም ተከተል ብቻ ሆኖ የተሸመደደ ግን፣ ደረጃውን የጠበቀ ልምምድም ቢሆን፣ ምንም አይተውም።

በጣም የማከብረው ሦስተኛውን ተቃውሞ ነው፦ ኖታው ቀላል ነው ማለት ሙዚቃው ቀላል ነው ማለት አይደለም። በ1802 የታተመው፣ ቤትሆቨን ከሞተ በኋላ «የጨረቃ ብርሃን» የሚል ስም የወጣለት ሶናታ የመጀመሪያ ክፍል ለዚህ ምስክር ነው። ዝግ ያለ ነው፤ ሦስት ሦስት እየሆኑ የሚመላለሱት ኖታዎች ቦታቸውን የሚለቁት ቀስ ብለው ነው፤ ሁለት ዓመት የተማረ ሰው ኖታዎቹን ሊያገኛቸው ይችላል። ነገር ግን ዜማውን የሚይዙት ከእጅ ሁሉ ደካማ የሆኑት የቀኝ እጅ ዳር ጣቶች ናቸው። የዚያው እጅ ጠንካራ ጣቶች ከሥር እያጀቡ ዝቅ ማለት፣ ደካማዎቹ ደግሞ ሳይጮኹ ከፍ ብለው መሰማት አለባቸው። ሾፓን በ1839 ካሳተማቸው ፕሬሉዶች አራተኛውም፣ የኢ ማይነሩ፣ 25 ባር ብቻ ነው፤ ግራ እጅ ኮርድ ይደጋግማል፣ ከኮርዱ ውስጥም አንድ አንድ ጣት እየተነጠለ በግማሽ ድምፅ ይወርዳል። በ1849 በፓሪስ ማደሌን ቤተ ክርስቲያን በደራሲው ቀብር ላይ በኦርጋን ከተጫወቱት አንዱ ይህ ነበር፤ ለጣት መቅለሉ ክብደቱን አልቀነሰበትም። እኔም ተቃውሞውን እቀበለዋለሁ፤ ነገር ግን መከራከሪያዬን የሚያጠናክር ይመስለኛል። ኖታ ለማግኘት የሚታገል ተማሪ ድምፅን ለመስማት ትርፍ አእምሮ የለውም። እጁ ሲያርፍ ነው ጆሮው የሚከፈተው፤ ዜማን ከአጀብ መለየትን፣ ፔዳልን ከኮርዱ ጋር መቀየርን፣ ዝምታን መጠበቅን የሚማረው ያኔ ነው።

ተቃራኒውም መታወቅ አለበት። ሞዛርት በ1788 የጻፈውን የሲ ሜጀር ሶናታ ራሱ ለጀማሪዎች ብሎ መዝግቦታል፤ የሚሸፍነው ኮርድም ፔዳልም ስለሌለ ግን አንዲት ያልተስተካከለች ጣት ወዲያው ትሰማለች። የእማሆይ ፅጌ ማርያም ገብሩ ድርሰቶችም እንዲህ ናቸው። ቀኝ እጃቸው የምቱን ጊዜ ሳይጠብቅ ሲዘገይና ሲቀድም፣ ጌጦቹም ከአገራችን ቅኝት ሲመነጩ፣ ለሰሚው የተዝናና ጨዋታ ይመስላል። ኖታውን ጽፎ በእኩል ምት የሚጫወተው ሰው ግን የእሳቸው የሆነው ሁሉ ከእጁ ያመልጠዋል። ፈጣን ያልሆነው ሁሉ ለጀማሪ ይሆናል ብሎ እነዚህን ማስቀደም፣ ራኽማኒኖፍን ከመፍቀድ ይልቅ ተማሪውን የሚጎዳ ይመስለኛል።

ለእጅ ይመቻል ሲባል ግን ለማንኛውም እጅ ማለት አይደለም። ራኽማኒኖፍ እጁ ትልቅ ነበር፤ በኦክታቭ የተዘረጉት ኮርዶቹም ያንን ያሳያሉ። ኦክታቭ በጭንቅ የሚደርስ እጅ ያለው ተማሪ ባኽንና ደቡሲን ያስቀድም፤ የራኽማኒኖፍን ፕሬሉድ ከፈለገም መሐል ካሉት ኖታዎች አንዱን ከኮርዱ ይተው። የእጁ ጀርባ ወይም ክንዱ ከነደደ፣ ያ ድርሰት ለዚያ እጅ ለጊዜው ቀላል አይደለም ማለት ነው፤ ልምምዱ እዚያው ይቁም። የሾፓን ፋንታዚ ኢምፕሮምፕቱም፣ አራት በሦስት ላይ በፍጥነት የሚሄደው፣ ብዙ ጊዜ ከሚመስለው ይቀላል ተብሎ ይነገራል፤ አባባሉ የሚሠራው ግን ስኬልና አርፔጂዮ ለለመደ እጅ ብቻ ነው። ያንን ልምድ ሳይዝ ለሚጠይቅ ተማሪ የአራቤስኩ ሦስት በሁለት ላይ መጀመሪያ ይበቃዋል።