«ጨረቃ ቤት» ስለሚባለው ቃል

እንግሊዞች «ስለም» የሚሉትን የከተማ ድኾች መኖሪያ ወደ አማርኛ ሲመልሱ «ጨረቃ ቤት» የሚለውን ቃል የሚመርጡ ጸሐፊዎች አሉ። ቃሉ ያማረ ነው፤ ዳሩ ግን ለዚህ ጉዳይ የተፈጠረ አይመስለንም።

ጨረቃ ቤት ማለት ያለ ፈቃድ፣ ተቆጣጣሪ በማያይበት ሌሊት፣ በጨረቃ ብርሃን የተሠራ ቤት ነው። ማታ ባዶ የነበረው መሬት ሲነጋ ቆርቆሮ ለብሶ ይገኛል። ስሙ የሚናገረው እንግዲህ ስለ አሠራሩና ስለ ሕጉ ነው እንጂ ስለ ነዋሪው ኑሮ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ነዋሪው ድኻ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን በብሎኬት ተገንብቶ፣ ሰፊ ግቢ ኖሮት፣ ካርታ ብቻ የጎደለውም ቤት ያው ጨረቃ ቤት ይባላል።

በአንጻሩ የቀበሌን ቤት እንመልከት። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ከዚህች ኪራይ ለጥገና የሚተርፍ ነገር አልነበረም፤ ተከራዩም የራሱ ላልሆነ ቤት ገንዘቡን ለማውጣት ያመነታል። ስለዚህ ጭቃው ረገፈ፣ ጣራው ዛገ፣ አንዱን መጸዳጃ ብዙ ቤተ ሰብ ተጋራው። ይህ ሁሉ ሆኖ ተከራዩ ሕጋዊ ነው፤ ቤቱንም ጨረቃ ቤት የሚለው የለም። በከተማው እምብርት የሚገኘው ችግረኛ፣ በዚህ ትርጉም ከሄድን፣ ስም አልባ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የመኖሪያ ሰፈራ ድርጅት በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ አምስት ነገሮችን ይቈጥራል፤ እነዚህም ንጹሕ ውሃ፣ መጸዳጃ፣ በቂ ስፋት፣ የቤቱ ጥንካሬና የይዞታ ዋስትና ናቸው። ከአምስቱ አንዱ ቢጎድል ይበቃልና ጨረቃ ቤትም ይገባበታል የሚል ተከራካሪ ይኖር ይሆናል። ይገባበታል፤ ሆኖም በአምስተኛው በር ብቻ ነው። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 እንደፈቀደው ይዞታው ሕጋዊ ቢደረግለት ጨረቃ ቤትነቱ ያበቃል፤ ውሃው ግን በዚያው ቀን አይመጣም።

ቃሉ ነዋሪውን ይከሳል፤ ለሕገ ወጥ ቤት ቀድሞ የሚታሰበው መፍትሔ ማፍረስ ነው። ውሃና መጸዳጃ የሚሻውን ሰው በዚህ ስም ስንጠራው ፍርዱን አብረን ሰጠን ማለት ነው።

አማርኛችን ለድኾች ብቻ የተለየ የመንደር ስም ያጣበት ምክንያት ያለ ይመስለናል። «ሰፈር» የመጣው ሰፈረ ከሚለው ግሥ፣ ከጦር ሠራዊት ማረፊያ ነው። እንደ ደጃች ውቤ ሰፈር ባሉት ቦታዎች መኰንኑ በመካከል፣ ወታደሩና አሽከሩ በዙሪያው ሰፍረው ይኖሩ ነበርና ድኻውና ባለጸጋው አንድ የሰፈር ስም ይጋሩ ነበር። እኛ ለጊዜው «የተጎሳቆለ ሰፈር» የሚለውን እንመርጣለን። ረዘም ይላል፤ የሚወቅሰው ግን ቤቱን ነው፤ የቀበሌውንም የጨረቃውንም ቤት ባንድነት ይይዛል።