ስም ከነአያት

ከአትላንታ አጠገብ ካለችው ብሩክሄቨን በፒችትሪ ጎዳና ወደ ደቡብ የወረደ ሰው ሚድታውን ሲደርስ ኮሎኒ ስኩዌርን ያገኛል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው፤ እዚያ በነበረው ሆቴል እጅጋየሁ ታዬ የምትባል ኢትዮጵያዊት አስተናጋጅ ሆና ትሠራ ነበር። አንድ ቀን እዚያው ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ የተቀጠረ ያገሯን ሰው አየችና ክው አለች። ቀልቤሳ ነገዎ ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ የአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀመንበር፣ እሷን ራሷን ያስገረፈ ሰው። እጅጋየሁ ዝም አላለችም። ከሂሩት አበበ ጅሪና ከኤልሳቤጥ ደምሴ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1990 አትላንታ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰችው። በ1993 ፍርድ ቤቱ ለሦስቱም ለየራሳቸው 500 ሺህ ዶላር ወሰነ፤ በ1996 ይግባኝ ሰሚው አጸናው። ሰውየው ቆይቶ የአሜሪካ ዜግነቱን ተነጥቆ በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ። እዚያ ደግሞ በሌለበት የተፈረደበት የዕድሜ ልክ እስራት ይጠብቀው ነበር።

ታሪኩን አትላንታ ውስጥ የቆየ ሐበሻ ብዙው ያውቀዋል። ሲወራ ግን የሚወራው አጋጣሚው ነው፤ "ዓለም ጠባብ ናት" ይባልና ቡናው ይቀጥላል። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ዋናው ማስረጃ የሴቶቹ ቃል ነበር። የትኛው ግቢ እንደታሠሩ፣ ማን ያዝዝ እንደነበር፣ ክፍሉ ውስጥ እነማን እንደቆሙ፣ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ አሜሪካዊ ዳኛ ፊት ቆመው አንድ በአንድ ተናገሩ። ዳኛው ያመናቸው ስለ ደርግ ክፋት ንግግር ስላደረጉ አይደለም፤ የሚናገሩት ቦታና ስም ስለነበረው ነው።

የኔ ሥራ የዚህ ምስክርነት ታናሽ ወንድም ነው። ቀን ሌላ እንጀራ አለኝ። ማታ ማታ ብሩክሄቨን ካለችው ክፍሌ ሆኜ አገር ቤት ጉዳት የደረሰባቸውን ወይም ጉዳት ያዩ ሰዎችን በስልክ አነጋግራለሁ፣ ቃላቸውን እጽፋለሁ፣ አመሳክራለሁ፤ እነሱ ከፈቀዱ ደግሞ አገር ውስጥ ላሉ የመብት ሠራተኞች አቀብላለሁ። በበጋ እዚህ እኩለ ሌሊት ሲሆን እዚያ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ጎረቤት ሳይሰበሰብ የሚወራበት ሰዓት እሱ ነው።

ሙያውን ማንም ክፍል አስገብቶ አላስተማረኝም። የተማርኩት የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ፣ ኢሰመጉ፣ ያወጣቸውን መግለጫዎች በማንበብ ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምና ጓደኞቻቸው ድርጅቱን በ1984 ዓ.ም. ሲያቋቁሙ አንድ ልማድ ተከሉ፦ የተገደለው ሰው ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ የሚኖርበት ቀበሌ፣ የሆነበት ቀን። ቁጣ የለበትም፤ አንባቢው ራሱ ይቆጣል። ይህን ዓይነት ደረቅ ጽሑፍ መጻፍ ቀላል ይመስላል። ግን የመምህራን ማኅበር መሪና የኢሰመጉ ሥራ አስፈጻሚ አባል የነበሩት አሰፋ ማሩ በ1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ መንገድ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገድለዋል።

እንግዲህ ወደ ስልኩ። አንዲት እናት፣ ስማቸውንም ከተማቸውንም አልጠራም፣ የጎረቤታቸው ልጅ የሞተበትን ቀን ይነግሩኛል። "ወታደሮቹ ሲገድሉት አየሁ" ይላሉ። እኔ እጠይቃለሁ፦ "እማማ፣ ሲተኩሱበት በዓይንዎ አዩት ወይስ በኋላ ነገሩዎት?" ዝም ይላሉ። "ተኩሱን ሰማሁ ልጄ። ስወጣ ልጁ ወድቋል። እነሱ ወደ መኪናቸው ሲሄዱ ጀርባቸውን አየሁ።" አንድ ዓረፍተ ነገር የነበረው አሁን ሦስት ሆነ፤ የተሰማ፣ የታየ፣ ከሁለቱ የተገመተ። ሦስቱንም በየመስመሩ እጽፋለሁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ምስክሩን የተጠራጠርኩት ይመስለዋል። ተቃራኒው ነው። ነገ ጠበቃ ወይም መንግሥት ቃላቸውን ሊያፈርስ ሲመጣ የሚይዘው ክር እንዳያገኝ ዛሬ እኔ ልመዘው ይገባል።

ቀኑን ስጠይቅ "የሚካኤል ማግስት" ይሉኛል። 13 ማለት ነው። ግን የወሩ ነው የበዓሉ? ገበያ ቆሞ ነበር? ሰኞ ነው ማክሰኞ? ሙስሊም ምስክር ከሆነ "ዙህር ሰግደን ስንወጣ" ይለኛል፤ ይህ ከሰዓት የበለጠ ያስተማምናል፣ ምክንያቱም መስጊዱ ውስጥ የነበረ ሌላ ሰው አለና። ሰዓቱ ራሱ ወጥመድ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ያለውን ውጭ ያደገ ልጅ "ናይን ፒ ኤም" ብሎ ወደ እንግሊዝኛ ቢያስገባው፣ ሰው ተኝቶ ሳለ የተሰበረ በር ሰው ራት ሲበላ የተሰበረ ይሆናል፤ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ የነበረ ሌላ ምስክር ሲመጣ ሁለቱ ይጋጫሉ። ስለዚህ እኔ ምስክሩ እንዳለው በኢትዮጵያ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ቅያሪው ጎን ላይ ይሁን።

ስም ደግሞ ከነአያት። "አበበ ከበደ" ብሎ መጻፍ ምንም እንዳልጻፉ ነው፤ አንድ ወረዳ ውስጥ ስንት አበበ ከበደ አለ! አያቱ ሲጨመር፣ የእናቱ ስም ሲታወቅ፣ የጥሪ ስሙ ሲነገር፣ ሦስት ቦታ ሦስት ሰው ሆኖ የተመዘገበው አንድ ሰው መሆኑ ይገለጣል። አንዳንዴ ደግሞ አንድ የመሰለው ሁለት ይሆናል። እኚያ እናት መጨረሻ ላይ ያሉኝ፦ "የኔን ስም አትጻፍ። የልጁን ግን እንዳትተወው።" በዚያው ተጻፈ።

ሥራው የሚከብደው ስልኩ ሲዘጋ ነው። የትግራይ ጦርነት ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ስልኩም ኢንተርኔቱም ጠፋ። በአማራ ክልልም ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ነበር። መስመር በተዘጋ ቁጥር ባዶውን የሚሞላው ወሬ ነው። አንዱ ቲክቶክ ላይቭ ገብቶ "ሦስት መቶ ሰው አለቀ" ይላል፤ ሌላው አምስት መቶ ያደርሰዋል፤ አሥር ያለው ሰው ከሃዲ ይባላል። የኔ ዓይነት ሰው በዚያ ሰዓት የሚሠራው መጠበቅ ነው። አንድ ሰው ለሕክምና ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ እስኪወጣ፣ እስኪረጋጋ፣ እስኪደውል።

የአማራ ክልሏን መራዊን እናንሣ። ሰኞ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ የአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች "ፋኖን ትደግፋላችሁ" በሚል ቢያንስ 45 ሲቪሎችን መግደላቸውን አረጋግጫለሁ ሲል፣ ቁጥሩ ከዚህ ሊበልጥ እንደሚችልም ጨምሮ ገለጸ። እዚህ አትላንታ ብዙ ሰው ተናደደ፤ "አሳነሱት" ተባለ። እኔ ግን ያቺን 45 ከየትኛውም ትልቅ ቁጥር በላይ አከብራለሁ። መንግሥት በሚመድብለት በጀት የሚተዳደር ተቋም ያቆማት፣ ማንም ያላፈረሳት ቁጥር ናት።

በነገራችን ላይ ያን ጊዜ ኮሚሽኑን ይመሩ የነበሩት ዶክተር ዳንኤል በቀለ የምርጫ 97 እስረኛ ነበሩ። ያን ዓመት ከብሩክሄቨን ብዙም የማይርቀው የካርተር ማዕከል ታዛቢዎቹን ወደ ኢትዮጵያ ልኮ ነበር።  የአገር ውስጥ ማኅበራት ግን ምርጫውን እንዳይታዘቡ በምርጫ ቦርድ ተከልክለው ስለነበር እንደ ነጻነት ደምሴ ባሉ የማኅበራት መሪዎች አማካይነት ፍርድ ቤት ሄደው ረቱ፤ ፈቃዱን ያገኙት ድምፅ ሊሰጥ ቀናት ሲቀሩት ነው። ከምርጫው በኋላ ምን ሆነ? የውጭ ታዛቢዎቹ ዘገባቸውን ጽፈው በአውሮፕላን ተመለሱ። ዳንኤልና ነጻነት በ1998 ዓ.ም. ታሰሩ፤ የወጡት በመጋቢት 2000 ዓ.ም. ነው። ከውጭ ሆኜ አንድ ነገር "መውጣት አለበት" ብዬ ስጣደፍ የሚያስቆመኝ ይህ ነው። መቼ ይውጣ፣ በማን ስም ይውጣ፣ ጨርሶ ይውጣ ወይ የሚለውን የሚወስነው ዋጋውን የሚከፍለው ሰው ነው። ብሩክሄቨን ላይ ተቀምጦ ጀግና መሆን ርካሽ ነው።

ርካሽ ቢሆንም ፍጹም አስተማማኝ ግን አይደለም። ሜሪላንድ የሚኖር፣ በፍርድ ቤት "ኪዳኔ" በሚል የሽፋን ስም የሚታወቅ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ኮምፒውተሩ ውስጥ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ተገኝቶ የኢትዮጵያን መንግሥት ከስሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የውጭ መንግሥት ስለሆነ ልዳኘው አልችልም ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ስምና ስልክ ቁጥር አንድ ቦታ አላስቀምጥም። የተላከልኝን ፎቶም መጀመሪያ የማየው ሟቹን ሳይሆን ጀርባውን ነው፤ የሱቅ ስም፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ የቀበሌ ታርጋ ካለ ያነሣው ሰው የት ቆሞ እንዳነሣው ይታወቃልና።

ወደ ገንዘብ ልምጣ፤ ዳያስፖራው በብዛት የሚጠይቀኝ "ስንት ልላክ?" እያለ ነው። አዋጅ ቁጥር 621/2001 በሰብአዊ መብት ላይ የሚሠራ የአገር ውስጥ ድርጅት ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኝ ከለከለ። ውጭ አገር ያለ ማንኛውም ሰው የሚልከው እንደ ውጭ ምንጭ ይቆጠር ስለነበር፣ ከአትላንታ የምትሄድ ሃምሳ ዶላር ከባዕድ መንግሥት ገንዘብ ጋር በአንድ መዝገብ ትገባ ነበር ማለት ነው። በ2002 ዓ.ም. የኢሰመጉና የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባንክ ሒሳብ ታገደ። ኢሰመጉ አብዛኞቹን ቅርንጫፎቹን ዘጋ። ማንም ሳይታሰር፣ በሒሳብ ሠራተኛ ብቻ አንድ ድርጅት እንዴት እንደሚታነቅ ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ያን ገደብ አነሣና ሁሉም ተነፈሰ። ግን በኅዳር 2017 ዓ.ም. ካርድ የተባለውን ጨምሮ ሦስት የመብት ድርጅቶች፣ በታኅሣሥ ደግሞ ኢሰመጉ ራሱ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ታገዱ። የኢሰመጉ እገዳ ከወራት በኋላ ቢነሣም፣ ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ዋሽንግተን አብዛኛውን የውጭ እርዳታዋን በአንድ ትእዛዝ አቁማ ነበር።

ለጋሾች ስልጠና ይወዳሉ። ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ሆቴል፣ ባነር፣ ውሎ አበል፣ የቡድን ፎቶ። ፎቶው ለሪፖርት ያምራል። የቢሮ ኪራይ፣ የጠበቃ አበል፣ ወረዳ ድረስ የሚሄድ ሰው የአውቶቡስ ቲኬትና የአንድ ሌሊት አልጋ ግን ፎቶ የላቸውም፤ ስለዚህ ከፋይ የላቸውም። መርማሪ ወደ ቦታው ካልሄደ የኔ የስልክ ጽሑፍ ግማሽ ነገር ሆኖ ይቀራል። ቁስሉን፣ መቃብሩን፣ የጥይት ቀዳዳውን የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል፤ ያን ዓይን የሚያደርሰው ደግሞ የትራንስፖርት ገንዘብ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ግን ጽሑፌ የይስሙላ ይሆናል። እዚህ ከተማ ጥቅምት 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ማይካድራ የሞቱትን በስም የሚያውቅ፣ በኅዳር 19 እና 20 አክሱም የሞቱትን ግን "ፕሮፓጋንዳ" የሚል ሰው አለ። ተገልብጦም አለ። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ወለጋ ቶሌ ላይ ያለቁትን አማሮች የሚያለቅስላቸው አዳራሽና ኦሮሚያ ውስጥ በመንግሥት ኃይል የሚገደለውን ኦሮሞ የሚያለቅስለት አዳራሽ የተለያዩ ናቸው፤ ሻማው አንድ ዓይነት ሆኖ ሰዎቹ አይገናኙም። ሐዘኑን አልነቅፍም፤ ሰው መጀመሪያ የሚያለቅሰው ለወገኑ ነው። ነገር ግን የወገኑን ሙት ብቻ የሚመዘግብ ሰው የመብት ሠራተኛ አይደለም፤ የፓርቲ ጸሐፊ ነው። ደግሞም መዝገቡ አይጠቅመውም፣ ምክንያቱም የአንድ ወገን ዝርዝር የያዘ ሰው የኮንግረስ ቢሮ ሲገባ ጸሐፊዋ ሳትቀር ከገጽ አንድ ታውቅበታለች። ስለዚህ የትግራይም፣ የአማራም፣ የኦሮሞም፣ የጉሙዝም ስም አንድ ደብተር ላይ፣ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይጻፍ። ይህን ያልተቀበለ ፈቃደኛ ከኔ ጋር አይሠራም፤ የተለያየነው ሰውም አለ።

ይህን የምታነቡ የአትላንታ ሰዎች፣ ዘመዳችሁ ደውሎ የነገራችሁን በዚያው ሌሊት በወረቀት አስፍሩት፤ የሟቹን ስም ከነአያቱ፣ ያየውን ለብቻ፣ የሰማውን ለብቻ። ፌስቡክ ላይ አትለጥፉት። ለማን ይድረስ ብላችሁ መጀመሪያ የደወለውን ዘመዳችሁን ጠይቁ፤ "ለማንም እንዳትሰጡ" ካላችሁም አስቀምጡት። ገንዘብ የምትልኩ ከሆነ ደግሞ በለቅሶ ሰሞን ብቻ አይሁን። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ላኩ፣ ለኪራይና ለትራንስፖርት ይዋል ብላችሁ ጻፉበት፣ የስልጠና ፎቶም አትጠይቁ።