ስም ያልወጣለት ሞተር

ሂስ የመጽሐፍና የቴአትር ዕዳ ብቻ ነው ያለው ማነው? ሠዓሊው ሸራውን፣ ደራሲው ድርሰቱን ለሕዝብ ዓይን እንደሚያቀርብ ሁሉ መኪና ሠሪውም የሠራውን አደባባይ ያወጣል። ሕዝብም ያየዋል፤ ያደንቀዋል፤ ያማዋል፤ ስም ያወጣለታል። እውነቱን እንነጋገር ካልን በአገራችን ከልቦለድ ይልቅ መኪና አብዝቶ ይነበባል። ከማን እጅ እንደወጣ፣ ስንት እንደተሸጠ፣ ነዳጅ ምን ያህል እንደሚጠጣ፣ ባለቤቱም ገንዘቡን ከወዴት እንዳመጣው ሳይቀር ይተነተናል። ለልቦለዶቻችን ይህን ያህል ጠንቃቃ አንባቢ ብናገኝላቸው ምንኛ በታደልን!

ይህን ያስነሣብኝ ጎንደር የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው። ለሃያ ዓመት ያህል ጨርቃ ጨርቅ ነግዶ ያጠራቀማት ጥሪት አለችው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የአክስቴ ልጅ ገንዘብም በባንክ ደብተሩ ላይ አንዲት ሳንቲም ሳይጎድል በገበያ ላይ ጎደለ። ስለዚህ «ሳይሟሟብኝ ወደ ዕቃ ልለውጠው» ብሎ መኪና ሊገዛ ተነሣ። ሁለት መርጧል። አንደኛው ዕድሜው ከዐሥራ አምስት ዓመት ያለፈ፣ ወንበሩ ቆዳ የሆነ፣ ሞተሩ ሲነሣ መንገደኛ የሚያስዞር የጀርመን ስፖርት ሴዳን ነው። ሁለተኛው ነዳጅ የማይቀምስ፣ ከቻይና የመጣ አዲስ ፈጣን የኤሌክትሪክ መኪና ነው። «አንተ የሰው ድርሰት ስትተች ትውላለህ፤ እስቲ ይህን ፍረድ» አለኝ። ፍርዱ ቀላል አይደለም። የሁለት ልጆች የትምህርት ወጪና የአንድ ሱቅ መንቀሳቀሻ ከዚያው ጥሪት ውስጥ ነውና።

ጥያቄው ከጎንደር መምጣቱን ልብ እንበል። ከከተማዋ መሐል ትንሽ ወጣ ብሎ በሚገኘው የፋሲለደስ መዋኛ አጠገብ አንዲት አነስተኛ ሕንፃ አለች። ያገሬው ትውፊት ዞብል የተባለው የንጉሥ ፈረስ መቃብር ናት ይላል። ትውፊቱ እውነትም ይሁን ተረት፣ ለፈረስ የድንጋይ መቃብር ይገባዋል ብሎ የሚያምን ሕዝብ እንዳለ ይነግረናል። የቀድሞ ሰዎች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ነበሩ። የፈረሱ ስም የባለቤቱ ጠባይ፣ ዛቻና ተስፋ የሚነገርበት ነበር። ዛሬ «ባለ ቪ ኤይቱ» ስንል ስለ ሲሊንደር ብዛት እያወራን ነውን? ስለ ሥልጣንና ስለ ገንዘብ እንጂ! ፈረሱ ቢለወጥም አጠራራችን አልተለወጠም።

ከሁለት መኪና አንዱን የማየት ነገርም አዲስ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ለአፄ ምኒልክ መኪና ለማቅረብ ሁለት ባዕዳን ተሽቀዳድመው ነበር፤ አንዱ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ፣ ሁለተኛው ጀርመናዊው ሆልትዝ። ያኔ ከመኪናው ይልቅ የጠፋው መንገዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ መኪና በቤተ መንግሥታችን ታሪክ ውስጥ ራሱን የቻለ ቋንቋ ሆኗል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ሲወርዱ፣ ያማሩ መኪኖች ባለቤት የነበሩት ንጉሠ ነገሥት ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በትንሽ ቮልስዋገን ነበር። ደርግ ያን ዕለት ያነበበው መግለጫ ቢረሳም ቮልስዋገኗ አልተረሳችም። ሰው የመኪናን ቋንቋ እንዲህ ይሰማል።

ወደ መጀመሪያው መኪና እንመለስ። ስፖርት ሴዳን የሚባለው ዘር፣ በጎንደር አነጋገር፣ የጀርመኖች ቅኔ ነው። ሰሙ ባለ አራት በር የቤተሰብ መኪና ነው፤ ወርቁ የውድድር ሞተር ነው። ቢ ኤም ደብሊው ኤም 5 የተባለው መኪና እ.ኤ.አ. በ1985 ለገበያ ሲወጣ፣ ከውጭ ሲያዩት የሒሳብ ሹም የሚነዳው ይመስል ነበር። ከኮፋኖው ሥር ግን 286 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ውበቱም እዚህ ላይ ነው፤ ጉልበቱን አይደነፋበትም። እኔ በበኩሌ ይህን ዓይነት ጨዋነት በሥነ ጽሑፍም በመኪናም እወዳለሁ።

ይሁንና ቅኔ የሚፈታው ባገሩ ነው። ያ ሞተር የተጻፈው ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ለማይል፣ በከፊሉም የፍጥነት ገደብ ለሌለው አውራ ጎዳና ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ናት። በስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ያለው ጨነቅ ደግሞ 3,600 ሜትር ይደርሳል። ቤንዚን የሚነደው በአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ጉልበትም ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር ጎንደር ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን፣ ደባርቅ ላይ ከሩብ በላዩን፣ ጨነቅ ላይ ሲሦውን ያጣል። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ 300 የፈረስ ጉልበት ብሎ የሚገዛው መኪና ደባርቅ ሲደርስ ከ220 የማይበልጥ ይሆናል። ሰማንያው ፈረስ አምባ ጊዮርጊስና ዳባት ላይ ወርዶ ቀርቷል ማለት ነው። የከፈለው ግን ለሁሉም ነው።

የከፈለውስ ስንት ነው? በሌላው ዓለም መኪና ሲያረጅ ይረክሳል። ዐሥራ አምስት ዓመት የሞላው የጀርመን ሴዳን እዚያ እንደ አሮጌ ጋዜጣ ነው። በእኛ ዘንድ ግን የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በስተቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንደማይገባ መንግሥት አስታወቀ። በሩ ሲዘጋ ውስጥ የቀረው ሁሉ ተወደደ። እንግዲህ ሻጩ የሚሸጠው መኪናውን ብቻ አይደለም፤ አዋጁን ጭምር ነው። ገዢውም ሞተሩን ቢያስፈትሽ አዋጁን ማስፈተሽ አይችልም። በአዋጅ የወጣ ዋጋ በአዋጅ እንደሚወርድ ለነጋዴ አይነገረውም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ወደ አንድ የጎንደር ጋራዥ ጎራ በሉና የመካኒኮቹን አነጋገር አድምጡ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ፣ ሞተሪኖ፣ ማርሚታ፣ ፓራፋንጎ ሲሉ ትሰማላችሁ። ጎማ የሚሠራው «ጎሚስታ» ነው። እነዚህ ሁሉ ጣሊያኖች ጥለዋቸው የሄዱ ቃላት ናቸው። ፋሺስቱ ከደባርቅ ቁልቁል ሊማሊሞን ጠምዝዞ የሠራው ለራሱ ወረራ ነበር። እሱ ሲባረር መንገዱም ቃላቱም ቀሩ፤ ያገሬው ልጅም ወረሳቸው። ቃላቱን ከወረሰ በኋላ ብረቱንም ወረሰ። ስሙን የሚያውቀውን ዕቃ ፈታ፤ የፈታውን ገጠመ፤ የተሰበረውን በየዳሱ ቀጥቅጦ ተካ። ኮሮላ የአገር ልጅ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። ለሚኒባስ «ዶልፊን»፣ «አባዱላ»፣ ለአይሱዙ «አልቃይዳ»፣ ለመለስተኛ አውቶቡስ «ቅጥቅጥ» ያለው ሕዝብ እየቀለደ ብቻ አልነበረም። እንግዳውን ዕቃ ቤተኛ እያደረገው ነበር። ከተማው ስም ያወጣለትን መኪና ከተማው ይጠግነዋል።

በዚህ መስፈርት ብንመዝነው፣ ያ የጀርመን ሴዳን አሮጌ ይሁን እንጂ ቤተኛ አይደለም። የአባቶቻችን ዘመን መርሴዲስ በመፍቻና በትዕግሥት ይፈታ ነበር። ይህ ግን ሽቦና ኮምፒዩተር የተበተበው ነው። መብራት ሲያበራ ሕመሙን የሚናገረው ለልዩ መመርመሪያ መሣሪያ ብቻ ነው። መለዋወጫውም ከአዲስ አበባ፣ ሲከፋም ከዱባይ ይለመናል። የእርጅናን ሕመምና የባዕድነትን ችግር በአንድ ሊብሬ መግዛት ይሉታል ይህ ነው።

ሁለተኛው መኪና እንዴት ነው? ለወረቀቱ ታማኝ እንሁን ካልን፣ ለስሜን ደጋ የተፈጠረ ይመስላል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። ጎንደር ላይ ያለው ጉልበት ጨነቅም ላይ ያው ነው። ለምሳሌ ቢ ዋይ ዲ ሲል የተባለውን የቻይና ሴዳን፣ በተለይ ባለ ሁለት ሞተሩን እንውሰድ። ቆሞ ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚደርሰው በ3.8 ሴኮንድ ነው። ባትሪው 82.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። ሁለት ቶን ከምናምን የሚመዝነውን ይህን መኪና ከጎንደር ከፍታ ወደ ደባርቅ ከፍታ፣ 700 ሜትር ያህል ወደ ላይ ለማንሣት በስሌት የሚያስፈልገው 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከባትሪው ሃያ እጅ አንዱ መሆኑ ነው። ቁልቁል ሲመለስ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ሆኖ የከፈለውን በከፊል ይመልሳል። ነዳጅ ፍለጋ ሰልፍ መዋል ቀረ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም ከጣና በወጣው ዓባይ ላይ ነው። የጎንደር ሰው ባገሩ ውኃ ቢነዳ ምን ነውር አለበት?

ነገር ግን እነዚያ 3.8 ሴኮንዶች የት ይዋሉ? ፒያሳ ላይ በባጃጆች መሐል? በአዘዞ መንገድ ላይ ከብት ሲሻገር? ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር በሚያወጣው ጠጠር መንገድ ላይ፣ ባትሪ ከሆዱ ሥር ለተዘረጋበት፣ ለመሬት ለቀረበ መኪና? ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ ግጭት መንገድ እየተዘጋ፣ ሰው እየታገተ ገንዘብ ሲጠየቅበት በቆየ አካባቢ፣ ዓይን የሚስብ ዕቃ ይዞ መውጣት ራሱ የሚያስከፍለው ሌላ ዋጋ አለ። ፈረስ ጉግስ ሜዳ ይፈልጋል፤ ሜዳ የሌለው ፈጣን ፈረስ ገብስ ይፈጃል እንጂ አይጋልብም።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው፤ ይህ ሞተር በጋራዡ ውስጥ ገና ስም የለውም። ካንዴላ የለው፣ ካምቢዮ የለው፣ ማርሚታ የለው። የጎንደሩ መካኒክ ኮፋኖውን ከፍቶ ሲያይ ከሚያውቃቸው ቃላት የሚያገኘው ጥቂቱን ነው። ያልሠለጠነ እጅ ቢነካውም ይገድላል፤ በውስጡ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ኃይል በመቶዎች ቮልት ነውና። አዋቂው ያለው ባመዛኙ አዲስ አበባ ነው፤ 730 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ጀርመናዊው ሴዳን ከሁለቱ ይበልጥ ያማረ ሥራ ነው፤ አትግዛው። የሌላ ሰውን ትዝታ በአዋጅ ዋጋ መግዛት ነው። ፈጣኑ የኤሌክትሪክ መኪና በሞተሩ ልክ ነው፤ በፍጥነቱ ግን ስሕተት ነው። ከዚያው ዘር ዝቅ ያለውን፣ ባለ አንድ ሞተሩን፣ ሆዱ ከፍ ያለውን ውሰድ። እሱንም ቢሆን የባትሪውን ዋስትና በጽሑፍ ሳትቀበል፣ ዋስትናውንም ጎንደር ላይ ማን እንደሚፈጽምልህ ሳታውቅ አትፈርም። ከዋጋው የሚተርፈው ወደ ሱቁ ይመለስ። «ሰው ምን ይለኛል?» ካልክ፣ ሰው የሚልህን ዞብል ከተቀበረ ወዲህ ሲል ኖሯል፤ ለልጆችህ ትምህርት ግን አይከፍልልህም።

ለከተማዋም የምለው አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1954 ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት፣ ሐሳቡ ሐኪም ከሩቅ እስኪመጣ አንጠብቅ፣ የጤና መኮንን እዚሁ እናሠልጥን የሚል ነበር። ከዚያ የወጡት ልጆች ሕመሙን ገጠር ድረስ ሄደው አገኙት። ዛሬ የከተማዋ የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች ለዚህ አዲስ ሞተር ያንኑ ቢያደርጉ፣ በየጋራዡ ዘይት የነካው እጅ ያላቸው ወጣቶች ከአደጋው ተጠብቀው ቢማሩት፣ የአክስቴ ልጅ ጥያቄ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግማሹ ይመለስ ነበር። ለኤሌክትሪኩ ሞተርም ሻጩ ሳይሆን መካኒኩ ስም ያወጣለታል።